የእማዬን ካሴት ያስገለበጥኩበት ቤት

በ1991 ዓ.ም. ክረምት እናቴ ሱዳን ለነበረው ወንድሜ ደብዳቤዋን ካሴት ላይ ቀድታ ላከችለት። እሱ ሲመለስ ይዞት መጣ። እማዬ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ድምጿ ያለው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

ወደ ፍላሽ ላስገለብጠው መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ልጁ ካሴቱን ገልበጥ አድርጎ እንኳ ሳያይ ቴፕ ውስጥ ከተተና ክሩን አስበላብኝ። ከዚያ ነው ሰዎች ከባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ወደማይርቁት ሽማግሌ ጠጋኝ የላኩኝ። ጋሼ ካሴቱን ተቀብለው ወደ በሩ ወጡና በብርሃን አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ሻግቷል። እንዲህ እንዳለ ከገባ ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ሄድ ያቆሽሻል፣ ቀጥሎ የሚገባውንም ካሴት ይበክላል» አሉኝ። የባሕር ዳር ክረምት እርጥበት ነው፤ እኛ ደግሞ ቁም ሳጥን ሥር፣ ግድግዳውን አስጠግተን ነበር ያኖርነው።

አምስቱን ብሎን ፈቱ። ክሩን ከጀርባ ደግፋ ሄዱ ላይ የምታስጠጋው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃለች። ሻጋታውን በደረቅ ጨርቅ ቀስ እያሉ ጠረጉት፣ የተጨማደደውን በጣታቸው አቃኑት፣ ጥቅሉን ወደ ሌላ ባዶ ቀፎ አዛውረው በእስክሪብቶ አጠነጠኑት። ባለ 90 ደቂቃ መሆኑ በጀኝ፤ ባለ 120ው ክሩ ስስ ስለሆነ ይህን ሁሉ አይችልም ነበር አሉ።

የከፋኝ አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያውን ቅጂ ቤት ወስጄ ስሰማ፣ የክሩን ሽውታ ለማጥፋት ብለው በኮምፒውተር አጣርተውታል። እማዬ «ስማኝማ ልጄ፣ ይሄ ዝናብ አላስወራ አለኝ» ትላለች፤ ዝናቡ ግን የለም። ተመልሼ ነገርኳቸው። አልተከራከሩኝም፣ ሳያጣሩ እንደገና ገለበጡልኝ፣ ተጨማሪም አላስከፈሉኝም። አሁን ቆርቆሯችን ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማል፣ የጎረቤት ዶሮም ይሰማል። ስለዚህ ስትሄዱ «ሳይጣራ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። 400 ብር ከፈልኩ፣ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ፍላሽ ከራሳችሁ ነው።

የቪዲዮ ካሴት ግን ለጊዜው አትውሰዱ። የእህቴን ሰርግ ሞክረን ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ የቪዲዮ ማጫወቻ ዴካቸው ሄድ አልቋል። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ላወጣው የድምፅ ካሴት ዛሬም አዲስ ማጫወቻ ይመረታል። ቪኤችኤስ የሚባለው የቪዲዮ ካሴት ያን ዕድል አላገኘም፤ የመጨረሻው የዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቁሟል። መለዋወጫው የሚገኘው ከሞተ ዴክ ነው። ጋሼ ይህን ሳይደብቁ ነገሩኝ፣ ለሙከራውም ገንዘብ አልተቀበሉም።

የሰርጉን ካሴት እሳቸው ጋ ትቼዋለሁ፤ ደህና ሄድ ሲያገኙ ሊደውሉልኝ። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ቤታችሁ የተቀመጠ ቪዲዮ ዴክ ካለ፣ ባይሠራም፣ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት እባካችሁ ለእሳቸው አሳዩልኝ።