ጃማይካ፦ ሞንቴጎ ቤይ ወይስ ትሬዠር ቢች?

ሞንቴጎ ቤይ የትላልቅ ሪዞርቶች ከተማ ነው። ምግቡም መጠጡም አስቀድሞ ተከፍሎበታል። እንግዳው እጁ ላይ መለያ አስሮ ከግቢው ሳይወጣ ይሰነብታል። ከአጥሩ ውጭ ላለው ምግብ ቤት ብዙም አይተርፍለትም። ሥራ መፍጠሩን አልክድም፤ ለብዙ ቤተሰብ የወር ደመወዝ ነው። የሚያንገበግበኝ የባሕሩ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ሕግ የባሕሩን ዳርቻ ለዘውዱ፣ ማለትም ለመንግሥት፣ ሰጠ፤ ለሕዝቡ ግን እንደልብ ገብቶ የመዋኘት መብት አልሰጠውም። በአገሩ፣ በገዛ ባሕሩ፣ አጥር የሚገጥመው ሰው ብዙ ነው። ይሄ ልክ አይደለም።

በደቡብ በኩል ያለው ትሬዠር ቢች ሌላ ዓለም ነው። ትናንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አካባቢው ዝናብ አጠር ነው። ገበሬው ሣር አጭዶ አፈሩን ያለብሰዋል፤ እርጥበቱ እንዳይተን። በዚያ ዘዴ ቲማቲም፣ ሐብሐብና ሽንኩርት ያመርታል። ቲማቲሙ እንግዳው ሳህን ላይ ለመድረስ ሩቅ መንገድ አይሄድም፤ ገንዘቡም እዚያው ሰፈር ይቀራል።

ጉዳቱ፣ አቅሙ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ የብዙ ቤቶችን ጣሪያ ሲገነጥል መልሶ ማቆሙ ከባድ ነበር። ከሞንቴጎ ቤይ አውሮፕላን ማረፊያም በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን መንገዱን ችዬ ወደ ደቡብ እወርዳለሁ።