ዩኒቨርሲቲ ከመግባት በፊት ሥዕል መማር፦ የሰፈር ስቱዲዮ፣ መሀል ከተማ ወይስ ኬምብሪጅ?

ልጃችሁ ዘጠነኛ ወይም አስረኛ ክፍል ደርሷል፤ ሥዕል መማር ይፈልጋል። ቤታችሁ ደግሞ አያት፣ የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ልጁ የሚስለው ምን እያየ ነው? የስልክ ፎቶ ነው ወይስ ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ጀበና? እኔ ቦታዎቹን የምለየው በዚህ ነው።

የሰፈር ስቱዲዮ ብዙ ጊዜ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ናት። አስተማሪው በትእዛዝ ፖርትሬት እየሠራ ጎን ለጎን ያስተምራል። ትልቁ ጥቅሙ ቅርበቱ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በእግሩ ጎራ ይላል፤ እጅ የሚፈታው ደግሞ በመደጋገም ነው። ችግሩ፣ አንዳንዱ ቤት ልጁን ገና ከመጀመሩ የታዋቂ ሰው ፎቶ በካሬ አስከፋፍሎ ያስገለብጠዋል። ሥዕሉ ያምራል፣ ሳሎን ይሰቀላል፣ ዘመድ ያደንቃል። ልጁ ግን ብርሃኑ ከየት እንደመጣ እንኳ ልብ አላለም። ጎበዝ አስተማሪ መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል፦ መስመር፣ ሳጥን፣ ጥላ፣ የጨርቅ እጥፋት፣ ከዚያ የጓደኛ ፊት። ለወራት እርሳስና ከሰል ብቻ። ልጁ «ቀለም መቼ ነው?» እያለ ቢነጫነጭ ጥሩ ምልክት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም በከንቱ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. በሠዓሊው አለ ፈለገሰላም የተመሠረተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለመግባት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አይበቃም። የተግባር ፈተና አለ። ፎቶ መገልበጥ ብቻ የለመደ እጅ እዚያ ይደነግጣል።

መሀል ከተማ በቅዳሜና እሁድ ወይም በክረምት መማርስ? አስተማሪ የማማረጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከክፍል ሲወጡም አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ ዘመናዊ ሥዕል የሚታይበት የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል አሉ። ግን ትልቅ የሥዕል ቦርድ ታቅፎ ሚኒባስ መጋፋትን አስቡት! በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ ልጁ ቤት ውስጥ ካልሳለ እጁ አይፈታም።

ኬምብሪጅ የሚባለውን የእንግሊዝ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች መንገዳቸው ሌላ ነው። ክፍያው ከበድ ይላል፤ ሁሉም ሥዕልን እንደ ትምህርት አይሰጡም፣ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በአይጂሲኤስኢ፣ ማለትም በመጀመሪያው የፈተና ደረጃ፣ የፈተናው ሥራ 8 ሰዓት፣ ከእሱ ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት በፊት በሚወሰደው በኤ ሌቭል 15 ሰዓት ነው። በኤ ሌቭል ከ1,000 እስከ 1,500 ቃል የሚደርስ ጽሑፍም አለ። ነጥብ የሚያዘው ለመጨረሻው ሥዕል ብቻ አይደለም። ሐሳቡ እንዴት እንደተወለደ፣ ምን ተሞክሮ ምን እንደተጣለ የሚያሳይ ስኬች ደብተር ይፈለጋል። ውጭ አገር አመልክቶ ፖርትፎሊዮ (የሥራዎቹን ስብስብ) ለሚያቀርብ ልጅ ይህ ይጠቅማል። አለ ትምህርት ቤት ለመግባት ብቻ ከሆነ ግን ይህን ያህል ወጪ አልመክርም።

እኔ ብሆን ጀበና የሚያስስል የሰፈር ስቱዲዮ እመርጣለሁ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ልጁን ሙዚየም እወስደዋለሁ። ስትመዘግቡ ወረቀትና ቀለም በክፍያው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። የዘይት ቀለም ኪስ ይጎዳል።