አራት ቀን የፈጀ የልደት ሰርተፍኬት፤ ስለ ቀበሌያችን አገልግሎት ከጅማ

ሰላም የጅማ ልጆች። እኔ የከረምኩት ቀበሌ ስመላለስ ነው። ለልጄ የልደት ሰርተፍኬት ለማውጣትና እናቴን ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው ላይ፣ ለማስመዝገብ። ሁለቱም አልቀዋል፣ ተመስገን። ግን ሰርተፍኬቱ በአንድ ጠዋት ማለቅ ሲችል አራት ቀን በላ። ጥፋቱ የሠራተኞቹ አይደለም። ጥፋቱ በር ላይ የተሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። የትኛው ቀበሌ እንደሆነ አልጽፍም፤ ስም ማንሳቱ ለማንም አይጠቅምም። የምጽፈው ከእኔ በኋላ የምትሄዱት እንዳትመላለሱ ነው።

ሰሌዳው የእንጨት ነው፤ ፊቱ መስታወት፣ በጎኑ ትንሽዬ ጓጉንቸር። ክረምት ላይ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ከላይ በስንጥቁ ገብቶ የወረቀቶቹን ጫፍ አብስብሷል። የማህተሙ ሐምራዊ ቀለም ወርዶ ጽሑፉ ላይ ፈሷል። መጀመሪያ ዓይኔ የገባው የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ ነው፣ ቀኑ ያለፈ። ከጎኑ የጽዳት ዘመቻ ጥሪ፣ እሱም ያለፈ። ከዚያ የንግድ ፈቃድ ማደሻ ጊዜ፣ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 የሚለው፤ እሱ ይጠቅማል። የእኔ ጉዳይ ከሁሉም ሥር ነው። የልደት ምዝገባ የሚል ርዕሱ ይታያል፣ «የሚያስፈልጉ ማስረጃዎች» የሚለው ክፍል ላይ ግን የጨረታ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ጣቴን አስገብቼ ገለጥ እንዳላደርገው ተቆልፏል። ቁልፉ የት ነው ብል ቁልፉን የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት ተባልኩ።

ቋንቋውንም ላንሳው። ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ትክክል ነው። እኔም እዚሁ ተወልጄ ስላደግኩ እናገረዋለሁ፣ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ማለት ነው፣ ማንበብ ላይ ግን ጊዜ ይወስድብኛል። እንደ እኔ ላላችሁ፦ «ቤክሲሳ» ማለት ማስታወቂያ ነው፣ «ወረቃ ራጋ ዳሎታ» የልደት ሰርተፍኬት፣ «ወረቃ ኤኙማ» መታወቂያ። እነዚህን ሦስቱን ከያዛችሁ ሰሌዳው ላይ የምትፈልጉትን ታገኛላችሁ፣ ካልተሸፈነ።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ። ልጄ አራት ዓመቷ ነው፣ ኬጂ ልትገባ ነው፣ ትምህርት ቤቱ የልደት ሰርተፍኬት ካላመጣሽ አልመዘግብም አለኝ። ሆስፒታል ስወልድ የሰጡኝን ወረቀት ከክትባት ካርዷ ጋር በፌስታል አስቀምጬው ነበር። እሱን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሼ፣ ተራዬ አራት ሰዓት አካባቢ ሲደርስ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቴን አየችና «እህቴ፣ አባትየውስ?» አለችኝ። ሁለታችንም ቀርበን መፈረም አለብን። መታወቂያችን አብሮ መታየት አለበት። በትህትና ነው የነገረችኝ፣ አልተቆጣችም። ግን ግማሽ ቀኔ አለቀ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፣ በአገር ደረጃ ሥራው የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ። ጊዜው ቢያልፍም መመዝገብ ይቻላል፣ ግን ማስረጃ ማሟላቱ እየከበደ ይሄዳል፣ ክፍያም አለ። ልጅ የተወለደላችሁ ሰዎች፣ አራስ ቤት ሳላችሁ አስመዝግቡ። አራት ዓመት ጠብቄ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ ይሄ የቀበሌው ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ስወልድም ሆነ ስከትብ «በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሂጂ» ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ክትባት ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንዲት ወረቀት ብትኖር ስንት እናት ታነባት ነበር።

ሁለተኛው ቀን ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ባለቤቴ የአጋሮ መስመር ሚኒባስ ነው የሚነዳው፣ ያን ቀን ተራውን ለጓደኛው ሰጥቶ ነው የመጣው። የአንድ ቀን ገቢ ማለት ነው። መስኮቱ ጋ ስንደርስ የእሱ መታወቂያ ጊዜው አልፏል። አንድ ወር እንኳን አይሞላውም ካለፈ። መጀመሪያ እሱ ይታደስ ተባልን። ማደሱ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፣ ቅጹን ሞልተን ፎቶ ሰጠን፣ የሚፈርመው ኃላፊ ግን ስብሰባ ላይ ነው። ባለቤቴ ምንም አላለም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔ ግን ዕንባ ተናነቀኝ።

በር ላይ ነው ጥበቃውን ያገኘናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ሁሉም ሰው ኦቦ እያለ ነው የሚጠራቸው። ፊቴን አይተው «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦ «ስሚ። ሁለታችሁም ኑ። የመታወቂያችሁን ቀን እዩ። ጉርድ ፎቶ የልጅቷንም የእናንተንም ያዙ። የሆስፒታሉን ወረቀት ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ። ከሌላ ቀበሌ የመጣ ካለ መሸኛ ያምጣ። አርብ ከመጣችሁ በጠዋት ኑ፣ ከጁምአ በፊት።» አለቀ። በአንድ ትንፋሽ። ሰሌዳው ላይ መኖር የነበረበት ይሄ ነው! መጀመሪያ ቀን እሳቸው ተረኛ ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ቀን ይተርፈኝ ነበር።

መንገዱን ተሻግሮ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤትም ሁሉንም ያውቃል። ልጁ ገና ሲያየኝ «ልደት ነው መታወቂያ?» ብሎ ነው የጠየቀኝ፣ ልደት ስለው ምን ምን ኮፒ እንደሚደረግ ሳልነግረው አደረገልኝ። እና ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ። እውቀቱ አለ። ጥበቃው ያውቁታል፣ ፎቶ ኮፒው ያውቀዋል፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ በቀን ሠላሳ ጊዜ ትናገረዋለች፣ ደክሟታል። የማያውቀው ነዋሪው ብቻ ነው።

የእድራችንን ለፋፊ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ሲሞት ሌሊት ጡሩንባውን ነፍቶ ማን እንደሞተ፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓትና የት እንደሆነ ይናገራል። ሦስት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ከእንቅልፉ የነቃ ሰው እንኳን ሰምቶ ይረዳል። በቀብሩ ሰዓት የተሳሳተ ሰው አይቼ አላውቅም። የቀበሌ ማስታወቂያ ግን የሚጀምረው በደብዳቤ ቁጥር ነው፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦» ይላል፣ ከዚያ መመሪያ ይጠቅሳል፣ እኔ ምን ይዤ መቼ መምጣት እንዳለብኝ የሚነግረኝ ታች ነው፣ ፊርማው አጠገብ። በሞንታርቦ የሚዞረው ባጃጅ ይሻላል፣ ግን እሱ ሲያልፍ እኔ ጓሮ ካለሁ አመለጠኝ። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውም የደብዳቤው ፎቶ ነው፣ ስታጎሉት ይደበዝዛል፣ እናቴ በምትይዘው ስልክ ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

ሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። መታወቂያው ታድሷል፣ ሁላችንም ተገኝተናል፣ መዝገቡ ላይ በእጅ ተሞልቷል፣ እኛም ፈርመናል፣ የቀረው ማተም ብቻ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ያቺ መስኮት ጋ ያለችው ልጅ ስልክ ቁጥሬን ተቀብላ «መብራት ሲመጣ እደውልልሻለሁ፣ ባለቤትሽ ሥራውን አይፍታ፣ ፈርሟል፣ አንቺ ብቻ ትመጫለሽ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አላመንኳትም ነበር። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለች። ስሟን ብጽፍ ደስ ባለኝ፣ ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ ነው። እግዚአብሔር ይስጣት።

አራተኛው ቀን ላይ ልብ በሉ፣ ከሁሉ ዋናው ይሄ ነው። ማህተም ከመመታቱ በፊት የስሙን ፊደል እዩ። እኛ ጋ ስም በቁቤ ነው የሚጻፈው። በቁቤ «ቀ» የሚጻፈው በ«ኪው» ነው፣ «ጠ» በ«ኤክስ»፣ «ጨ» በ«ሲ»። ቅድስት የምትባል ልጅ በቁቤ በኪው ትጀምራለች፣ ትምህርት ቤት ደግሞ በእንግሊዝኛ ልማድ በ«ኬ» ይጽፏታል። ጥሩነሽ የምትባል ሴት በኤክስ ትጀምራለች፣ ሌላ ወረቀት ላይ በ«ቲ»። ሁለቱም ስህተት አይደሉም። ግን ፓስፖርት ላይ፣ ባንክ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ላይ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል፣ ያኔ ለማስተካከል የሚያስወጣውን ወጪና ምልልስ ያየ ያውቀዋል። የእኔ ልጅ የአያቷ ስም ላይ አንድ ፊደል ከባለቤቴ መታወቂያ ይለይ ነበር። የመስኮቷ ልጅ ረቂቁን አሳይታኝ ስለነበር ጣቴን አድርጌ ፊደል በፊደል አነበብኩት፣ አገኘሁት፣ ተስተካከለ። ከታተመ በኋላ ቢሆን አምስተኛ ቀን ይጨመር ነበር። ቀንና ወሩንም እንዲሁ እዩ። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ለእኔ ሳልጠይቅ ነው የተሰጠኝ።

ፋይዳው በአንጻሩ ጥሩ ነበር፣ አጠር አድርጌ ልናገር። ምዝገባው ነፃ ነው፤ ማንም ገንዘብ ቢጠይቃችሁ አትክፈሉ። የቀበሌ መታወቂያ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የአሥሩም ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፎቶ ይነሳል። ብዙ እናቶች የቀበሌ መታወቂያን የሚተካ ይመስላቸዋል፣ አይተካም፣ ዜግነትንም አያረጋግጥም፤ ይህ ሰው እሱ ራሱ ነው የሚል ቁጥር ነው።

የእናቴ ነገር ግን አስጨንቆኝ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ለቃሚ ነበረች። መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ ጥቁሩን ከነጩ፣ የተሰበረውን ከደህናው በጣቷ ስትለይ ኖራ የጣቶቿ ጫፍ ለስልሷል፣ መስመር የሚባል የላቸውም። መሣሪያው ላይ ጣቷን ስታስቀምጥ አልተነበበም። ደግማ አስቀመጠች፣ እምቢ አለ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ፣ እናቴም «ተይው ልጄ፣ እንሂድ» አለችኝ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። መዝጋቢው ልጅ ወንበሩን አዙሮ ተነሳ። «አዴ፣ ችግር የለም፣ ብዙ ቡና ለቃሚ እናቶች እንዲህ ናቸው» አላት። እርጥብ ጨርቅ አምጥቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገላት፣ መስታወቱንም ወለወለ፣ ከዚያ እጇን በእጁ ይዞ ቀስ ብሎ ጫን አደረገው። ስምንቱ ተነበቡ። የቀሩትን ሁለቱን እንዳልተነበቡ መዝግቦ፣ ዓይኗን አነሳና ጨረሰ። እኔ በዚያች ደቂቃ ውስጥ መንግሥት መሥሪያ ቤት ምን መምሰል እንዳለበት አየሁ። ቁጥሩ ከቀናት በኋላ በቴክስት መጣ፣ አሥራ ስድስቱን አኃዝ እየጠራሁላት በእድር ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ አጻፈችኝ።

ከተማችን አምራለች። የኮሪደሩ ሥራ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ያለው የእግር መንገድ፣ ማታ ማታ መብራቱ፣ ሁሉም ደስ ይላል፣ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ። ለዚህ ሁሉ የተገኘው ትጋት ግማሽ ሜትር ለምትሆን ሰሌዳ እንዲተርፍላት እፈልጋለሁ። ያለፈበት ወረቀት ይነሳ። የሚያስፈልጉ ነገሮች በትልቁ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ከላይ ይቀመጡ። ቁልፉ ከጥበቃው ዘንድ ይሁን።

ሰርተፍኬቱን በተቀበልኩ ቀን ኦቦ የነገሩኝን በአንድ ገጽ ጽፌ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በሁለቱም ቋንቋ ተይቦልኝ፣ ለመስኮቷ ልጅ ሰጠኋት። ገንዘብ አልተቀበለኝም ፎቶ ኮፒው። እሷ አነበበችውና ሁለት ነገር በእስክሪብቶ አረመች፣ «ማህተም ካልተደረገበት መለጠፍ አልችልም፣ ለሥራ አስኪያጁ አስገባዋለሁ» አለችኝ። ሐሙስ ገበያ ስወርድ በዚያ በኩል አለፍኩ፣ ገና አልተሰቀለም፣ የጨረታው ወረቀት ግን ተነስቷል። በሚቀጥለው ሳምንት የእኔን መታወቂያ ላሳድስ ስለምሄድ ያኔ እጠይቃታለሁ።