«አንኮበር ደርሶ መልስ» ለሚሉት ሰዎች ገንዘባችሁን እንዳትሰጡ

ለየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት «አንኮበር ደርሶ መልስ» ብለው ቴሌግራም ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ደረጃው ላይ ፈገግ ብላ የምትታየው ሴት እናቴ ናት። ፎቶውን ያነሷት ትናንት ጠዋት፣ እኔና እሷን ይዘውን አንኮበር በሄዱበት ጉዞ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ 300 ብር ጨምሬ የያዝኩላትን ወንበር ለሌላ ሰው ሸጠው ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ እንድትመለስ አደረጓት። ፎቶውን አይታችሁ «ትልልቅ ሰዎችም የሚሄዱበት ነው፣ እናቴን ልውሰዳት» የምትሉ ስለምትኖሩ ነው ሳልረጋጋ የምጽፈው።

ዓይነታቸውን ታውቋቸዋላችሁ። ቢሮ የላቸውም። አንድ ቻናል፣ የተከራዩት ኮስተር፣ ማይክ የያዘ አስተባባሪ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ልጅ፣ በቃ። «3 ቦታ ብቻ ቀርቷል» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ያጣድፋሉ። ዋጋው ለአንድ ሰው 1,600 ብር ነው፤ መጓጓዣ፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ሁሉም በውስጡ አለ ይላሉ። ለሁለታችን 3,200 ብር በቴሌብር ላክኩ። እማዬን ጉልበቷን ስለሚያማት «ፊት አካባቢ ወንበር ይኖራል ወይ?» ብዬ አስተባባሪውን ጠየቅኩት። «ለእናታችንማ ምን ችግር አለ! ቪአይፒ ወንበር አለን፣ 300 ብር ብቻ ይጨምሩ» አለኝ። ጨመርኩ። ወንበር ቁጥር 3፣ ከበሩ አጠገብ፣ እግር የሚዘረጋበት። ቁጥሩን ራሱ ነው የጻፈልኝ፤ መልእክቱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

የሚያንገበግበኝ የደብረ ብርሃን ልጅ ሆኜ መታለሌ ነው። አንኮበር ከእኛ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መናኸሪያ ሄጄ ብሳፈር ኖሮ በዚህ ገንዘብ ስንት ጊዜ ደርሼ እመለስ ነበር። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ የምኒልክ መስኮትም ተጽፏል። የምኒልክ መስኮት በጣርማበር በኩል፣ በደሴው መንገድ ነው። አንኮበር ሌላ መንገድ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን ከነቁርሱ ከነምሳው እናዳርሳለን ሲሉ እዚያው ላይ መንቃት ነበረብኝ። አነበብኩት፣ ግራ ገባኝ፣ ግን አልጠየቅኩም። እማዬ ለልብሷ ሳሙና እየገዛች፣ ነጠላዋን እያጠበች ነበርና ደስታዋን ላለማደፍረስ ዝም አልኩ።

እማዬ የአንኮበር ልጅ ናት። ክርስትና የተነሳችው ኪዳነ ምሕረት ነው። በ9 ዓመቷ ከአክስቷ ጋር ወጥታ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። አንድ ቀን ወስጄ አሳልምሻለሁ እያልኳት ስንት ዓመት አለፈ።

ጠዋቱን ባጭሩ ልለፈው። 12 ሰዓት ተኩል ተብለን በዚያ ውርጭ ቆመን ጠበቅን፤ መኪናው 2 ሰዓት አልፎ መጣ። እማዬ ባናዋን ጉልበቷ ላይ ጠቅልላ አንድም ቃል አላማረረችም። ቁርስ የተባለው አንድ አንድ ቦንቦሊኖ ነበር። አስጎብኚ የተባለው ልጅ ማይኩን ይዞ «አፄ ምኒልክ የተወለዱት እዚህ አንኮበር ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው» ሲል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ምኒልክ የተወለዱት አንጎለላ ነው፣ በ1836 ዓ.ም.፤ ለእኛ ለደብረ ብርሃን ሰዎች እኮ ጎረቤት ነው። አንኮበር የሣህለ ሥላሴ ከተማ፣ በኋላም ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው መጥተው የነገሡበት ነው። ይህንኑ በቀስታ ስነግረው «እንግዲህ ማይኩን እርስዎ ይያዙት» ብሎ ሰውን አሳቀብኝ። እነማን እንደሆኑ ያኔ መረዳት ነበረብኝ።

አገሩ ግን አገር ነው፤ እሱን ማንም አያበላሸውም። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር ስንወርድ ደመናው ከእግራችን በታች እንደ ባሕር ተኝቶ ነበር። ፀሐይ ስትበረታ እየተገፈፈ እየተገፈፈ የአፋር ቆላ ብቅ አለ። እማዬ ምርኩዟን ዘርግታ «ያውና የአልዩ አምባ መውረጃ፣ አባቴ ገበያ የሚወርድበት» አለችኝ። ከዚያ በደረጃው ትንሽ ወጣች። ካሜራ የያዘው ልጅ «እማማ፣ እዚች ጋ ቆም ይበሉልኝ» ብሎ ያነሳት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ ጉልበቷ አልቻለም። እኔም ብሆን ወደ ላይ አልወጣሁም፤ «መግቢያ ለየብቻችሁ ትከፍላላችሁ» ተባለ፣ እሷን ጥዬ መሄድም አልሆነልኝም። ኪዳነ ምሕረት እንሳለም ስንል «ፕሮግራም ላይ የለም» አሉን። አለ! ማስታወቂያው ላይ «ታሪካዊ አብያተ ክርስቲያናት» ይላል። ለምሳ አንድ ሽሮ ለአራት ሰው ቀረበልን።

«9 ሰዓት ላይ መኪናው ጋ እንገናኝ፣ የዘገየ ይቀራል» ተባልን። እኛ 10 ደቂቃ ቀድመን ደረስን። ከሩቅ ሳየው ኮስተሩ ጣሪያው ላይ ጆንያና ጄሪካን ተጭኖበታል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን! የሞላ!» ይጣራል። የሌላ መኪና መስሎኝ የእኛን በዓይኔ ፈለግኩ። ለካ እሱ ራሱ ነው። እኛ ላይ ታች ስንል ጎረቤላ ድረስ ሄደው መንገደኛ ጭነው መጥተዋል።

እማዬ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ፣ በግራ እጇ የበሩን ብረት ይዛ፣ ሌላውን እግሯን ልታነሳ ስትል ረዳቱ ክንዱን በሩ ላይ አጋደመው። «ሞልቷል፣ እናት።»

«ልጄ፣ እኛ እኮ የጠዋቶቹ ነን» አለችው።

በክንዱ ሥር አጎንብሼ ወደ ውስጥ አየሁ። ቁጥር 3 ላይ ሕፃን የታቀፈች ሴት ተቀምጣለች፤ እግር መዘርጊያው ላይ ጆንያ ቆሟል። የእማዬ ባና ተጠቅልሎ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ መሬት ላይ ወድቋል። ከኋላችን አስተባባሪው ቆሞ ከመንገደኞቹ የተቀበለውን ባለ 200 ብር ኖቶች አንድ አንድ እያለ ይቆጥራል። የከፈልኩበትን መልእክት ስልኬን ከፍቼ አሳየሁት። አላየውም። ቆጥሮ እስኪጨርስ አቆመኝና እንዲህ አለኝ፦ «አንቺ የከፈልሽው የጉብኝት ነው እንጂ የወንበር አይደለም። የመልሱን ሹፌሩ ነው የሚያውቀው።»

አንቺ! ገንዘቡን እስኪቀበል «እርስዎ» እና «እናታችን» ሲል የነበረ ሰው ነው። ወደ ሹፌሩ ዞርኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና የሬዲዮውን ድምፅ ጨመረው። «እሺ 300 ብሩስ? ቁጥር 3 ብለህ የጻፍክልኝስ?» ስለው «አሮጊት ይዛችሁ ትመጡና እኛን ታስቸግራላችሁ። ከፈለጋችሁ እንደምንም ግቡ፣ ካልፈለጋችሁ ነገ ጠዋት መኪና አለ» አለኝ። እማዬ ሰምታዋለች። ከመወጣጫው ላይ እግሯን ቀስ አድርጋ አወረደችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

እኔ ምን አደረግኩ? ምንም። አብረውን ከጠዋት የመጡት፣ ቀድመው ገብተው ወንበር የያዙት፣ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ወንበር ያጣነው አምስት ነበርን። አምስታችን ከመኪናው ፊት ብንቆም ኖሮ የት ይሄድ ነበር? ግን ፀሐዩ እያዘቀዘቀ ነው፣ ማደሪያ አልያዝንም፣ እማዬ ብርድ አይችላትም። ጥለውን እንዳይሄዱ ፈርቼ አፌን ዘጋሁ። ታርጋውን እንኳ ፎቶ አላነሳሁም! ከትናንት ማታ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ሕፃን የያዘችው ሴት ነገሩ ሲገባት «ውይ እማማ፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ እኔ አላወቅኩም» ብላ ልትነሳ አለች። እሷም 200 ብር ከፍላለች፣ ምንም ጥፋት የለባትም። እማዬ «ልጅ ይዘሽ? በኪዳነ ምሕረት፣ አትነሺ» ብላ እምቢ አለች። መተላለፊያው ላይ ያለ የምስር ጆንያ ላይ ባናዋን አንጥፌ አስቀመጥኳት። ጠመዝማዛው ላይ መኪናው ባጋደለ ቁጥር የወንበሩን እግር በሁለት እጇ ትይዛለች፤ እኔ ደግሞ ከኋላዋ በጉልበቴ ደግፌያታለሁ። ረዳቱ ትርፍ ባየ ቁጥር ሦስት ጊዜ አስቆመ። የምኒልክ መስኮትን ያነሳ የለም።

ዛሬ ጠዋት ቢያንስ 300 ብሩን መልስ ብዬ ለአስተባባሪው ደወልኩለት። «አገልግሎቱን ወስደሻል» ብሎ ዘጋብኝ። ድጋሚ ስሞክር ቁጥሬን አግዶታል። ቻናሉን ስከፍት የእናቴን ፎቶ አየሁት፤ ከሥሩ «ደስተኛ ተጓዦቻችን» ይላል። አውርዱት ብዬ ጻፍኩ፣ ከቻናሉ አስወጡኝ።

መሄድ የምትፈልጉ ግማሹን ስትሳፈሩ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ፤ እምቢ ካሉ ተዉት። የመሄጃና የመመለሻ ወንበራችሁን ቁጥር አጽፉ፣ ከመግባታችሁ በፊት ታርጋውን አንሱ።

እማዬ ጉልበቷን በቅቤ አሽታ ተኝታለች። የሚቆጫት ወንበሩ አይደለም፤ «በሯ ድረስ ሄጄ ሳልሳለማት» ነው የምትለው። ለ16 እኔና እሷ ከመናኸሪያ በሕዝብ መኪና እንሄዳለን። እዚያ የምትገኙ ካላችሁና ጣሪያው ላይ ጆንያ የጫነ የጉብኝት ኮስተር ካያችሁ ታርጋውን አንስታችሁ ላኩልኝ።