«ሙሉ ምርመራ» ከፍላችሁ ማንም ሳይነካችሁ እንዳትወጡ

ወገኖች፣ ገንዘባችሁን ተበልታችሁ ሰውም እንዳታጡ ነው ይህን የምጽፈው።

አንድ የቅርብ ዘመዴ ራስ ምታት ያዘው። ሳምንታት ቆየበት። ኋላ ማስታወክ ተጨመረ። ሰፈራችን ወዳለ የግል ክሊኒክ ወሰድነው። «ሙሉ ምርመራ» የሚሉት ጥቅል አላቸው፤ ካርድ አውጥተን ከፈልን። ደረሰኙ አሁንም እጄ ላይ አለ፦ ሲቢሲ፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ዊዳል፣ ዌል ፌሊክስ፣ ኤች ፓይሎሪ። ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ታይፎይድ ነው» አለና መርፌ አዘዘ። ግሉኮስም ተሰቀለ። አንገቱን የነካ የለም። ኤችአይቪ ተመርምሮ ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀም የለም። ኮፈን ሳይከፍት ሞተር ሠርቻለሁ የሚል መካኒክ ቢገጥመን እኮ ሰፈሩን እናውከው ነበር!

በነገራችን ላይ፣ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ድሮ በነካን ነገርም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ዘመዴ ሆስፒታል ሲገባ በፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር ሆኖ ተገኘ። (ልጻፈው ወይ ብዬ አስፈቅጄዋለሁ።) ፈንገሱ ክሪፕቶኮከስ ይባላል። በአፈርና በርግብ ኩስ ውስጥ ይኖራል፣ በትንፋሽ ይገባል። በብዛት የሚጥለው ኤችአይቪ በደማቸው ኖሮ ሲዲ ፎራቸው (በሽታ የሚከላከሉት የደም ሴሎች ቁጥር) ከ100 በታች የወረደባቸውን ነው።

እዚያ የተቀበለችው ሐኪም ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ፤ የከፈላችሁበት ነገር ይሄ ነውና። መጀመሪያ ቀኑ ምን እንደሆነና የት እንዳለ ጠየቀችው። አስተኝታ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ቀና አደረገች፣ አገጩ ደረቱን ይነካ እንደሆነ ለማየት። አንገቱ እሺ ብሎ ታጠፈ። እኛ እፎይ ስንል እሷ አልተዘናጋችም። በዚህ በሽታ አንገታቸው የማይገተር ብዙ ናቸው። ከዚያ ጣቷን ፊቱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያደረገች በዓይኑ እንዲከተል አዘዘችው። ግራ ዓይኑ ወደ ውጭ መሄድ አቃተው። አንዷን ጣት ሁለት አድርጎ ነበር የሚያያት። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምር እንዲህ ያደርጋል። በትንሽ መብራት የዓይኑን ውስጥ አየች፣ አፉን አስከፈተች፣ ፊቱ ላይ መሃላቸው ጎድጎድ ያሉ እብጠቶች ፈለገች፣ እጅና እግሩን አስገፋችው። ደቂቃዎች ነው የፈጀው። ማሽን የለ፣ ተጨማሪ ክፍያ የለ።

ቀጥሎ የክሪፕቶኮከስ አንቲጂን ምርመራ፣ ማለትም ከፈንገሱ የሚወጣውን ምልክት ደም ውስጥ የሚፈልገውን፣ አዘዘች። ትንሽ ደም ይበቃዋል፤ ውጤቱ በ10 ደቂቃ አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድ አለ። «ሽባ ያደርጋል» የሚባለውን ሰምታችሁ እምቢ እንዳትሉ። ግፊቱ የሚለካው በዚያ ነው፤ ፈሳሹ ሲቀነስ ራስ ምታቱም ይቀላል። ዘመዴ የዚያኑ ቀን ነው ቀና ብሎ የተቀመጠው። አንድ ወገኑ የደከመ ወይም እንደ ሚጥል በሽታ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ከሆነ ግን መጀመሪያ ሲቲ ስካን ይታያል። ይህንንም የሚለየው አካላዊ ምርመራው ነው። ሲቲ ስካኑ «ንጹህ ነው» ስለተባለ ብቻ ደግሞ ተሸኝታችሁ እንዳትሄዱ፤ በሽታው እያለ ንጹህ ሊሆን ይችላል።

መርፌውስ? ክሊኒኩ ያዘዘው ሴፍትሪያክሶን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ነው፤ ፈንገስ አይነካም። «ለራስ ምታቱ» ተብሎ ዴክሳሜታዞን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ከተሰጠማ ይብሳል፤ በዚሁ በሽታ ላይ በእስያና በአፍሪካ የተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጉዳቱ ስላመዘነ ሳያልቅ ነው የተቋረጠው።

ክሊኒኩ ገንዘባችንን አልመለሰም። «ምርመራው ተሠርቷል እኮ» ነው መልሳቸው።

እናንተ ጥቅሉን ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪሙ ራሱ ያያል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ራስ ምታቱ ከሳምንት ካለፈ፣ በተለይ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ከሆነ፣ ሳትሸሽጉ ተናገሩ፤ አንቲጂኑንም በስሙ ጠይቁ። የለንም ካሉ ሪፈር ጻፉልን በሉ። ሪፈሩ ላይ አንገቱና ዓይኑ ታይቶ ምን እንደተገኘ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ።