የበሃ ድንጋይ መሰንጠቂያ ሽብልቅ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ባለ አሥሩን የሽብልቅ ስብስብ የገዛሁት ከአሮጌ ካባ (የድንጋይ ማውጫ) ያስመጣኋቸውን ትልልቅ የበሃ ድንጋዮች ለጓሮ ግንብ ለመሰንጠቅ ነው። የምኖረው በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ለኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ድንጋይ ካቀረቡት ካባዎች ብዙም ሳይርቅ ነው። ከወራት ሥራ በኋላ ፍርዴ በአመዛኙ መልካም ነው።

እያንዳንዱ ሽብልቅ ከሁለት ቀጫጭን የጎን ብረቶች ጋር ይመጣል። በሚፈለገው መሥመር ላይ 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው በድሪል ይበሳሉ፤ የጎን ብረቶቹ ከመሥመሩ ወዲያና ወዲህ ይቆማሉ፤ ሽብልቆቹም ከዳር እስከ ዳር ተራ በተራ ቀስ ተብለው ይመታሉ። ብረቱ እየጠበቀ ሲሄድ የታፈነው ድምፅ እየቀጠነ ይጠራል። እዚህ ላይ መዶሻውን አስቀምጦ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ደጋግሞ ከመምታት ይሻላል፤ ድንጋዩ ማንም ሳይነካው ጠቅ ብሎ ይከፈላል። የኢንዲያና በሃ ወጥ በመሆኑ በየትኛውም አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል።

ይህ መሣሪያ የእንፋሎት ማሽን ከገባም በኋላ ከካባ አልወጣም። የቨርሞንቱ ጆርጅ ዋርድዌል እ.ኤ.አ. በ1863 በእብነ በረድ ካባ ሥራ ላይ ያዋለው ቦይ ቆራጭ ማሽን፣ በ1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ ኢንዲያና ደረሰ። ማሽኑ ቦይለሩን (እንፋሎት የሚያመነጨውን የውሃ ማፍያ) ተሸክሞ በካባው ወለል ላይ በተዘረጋ ሐዲድ እየተመላለሰ፣ አንድ ላይ የታሰሩ መሮዎችን ሳያቋርጥ እያነሳ በመጣል ጠባብና ጥልቅ ቦይ ይቆርጥ ነበር። ከዚያ በፊት ድንጋዩ የሚወጣው በእጅ እየተፈለፈለና እየተበሳ ወይም በባሩድ እየፈነዳ ስለነበር፣ ባሩዱ ደኅናውን ድንጋይ ጭምር ሰነጣጥቆ ያባክነው ነበር። ሆኖም ማሽኑ የሚቆርጠው ወደ ታች ብቻ ነው። ከግርጌ ለማላቀቅ መጀመሪያ አንድ ድንጋይ እንደምንም ተነቅሎ ይወጣል፤ ከዚያ ሰዎች በተከፈተው ጉድጓድ ወርደው አግድም ይበሳሉ፣ ሽብልቅ ይተክላሉ፣ ይመታሉ። የተላቀቀውም ረጅም ድንጋይ የሚከፋፈለው በሽብልቅ ነበር። እንፋሎት የካባ ሠራተኛን ከድካም ገላገለ የሚባለው ለእኔ ግማሽ እውነት የሚመስለኝ ለዚህ ነው፤ እሳት የሚያነድ፣ ውሃና ከሰል የሚያቀርብ፣ የዶለዶመ መሮ የሚስል ሰውም ማሽኑ ይፈልግ ነበርና። (አዲስ የወጣ በሃ ውሃ ስለሚይዝ ውርጭ ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ በብርዱ ወራት ካባው ሲቆም ሠራተኛውም ያለ ደመወዝ ይቀር ነበር።)

ጉድለቱን ስናይ፣ የሽብልቆቹ ራስ በምት ብዛት ተጨፍልቆ ጠርዙ ወደ ውጭ ተቀልብሷል። ስንጣሪው ዓይን ስለሚያጠፋ ጠርዙን በሞረድ አስተካክላለሁ፤ መነጽርም ግድ ነው። ቀዳዳው ውስጥ የቀረ ብናኝ ካልተጠረገ ሽብልቁ ወለሉን ነክቶ ይቆማል እንጂ አይገፋም። የጎን ብረቶቹ ደግሞ ድንጋዩ ድንገት ሲከፈት ስንጥቁ ውስጥ ይወድቃሉ፤ አስቀድሞ አስቦ የሚገዛ ሰው ትርፍ የጎን ብረት አብሮ ቢይዝ ይበጀዋል። ከአንድ ሜትር ተኩል ለሚረዝም ድንጋይ አሥሩ ላይበቃ ስለሚችል፣ ትልቁን ስብስብ ከመጀመሪያው መግዛት ያዋጣል።