ጃ ሻካ እና ሳክሰን፦ የሉዊሻም ሁለት ሳውንድ ሲስተሞች

በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ በሉዊሻም አካባቢ የሚኖሩ የጃማይካ ስደተኞች ልጆች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካቋቋሟቸው ሳውንድ ሲስተሞች (በግዙፍ ድምፅ ማጉያዎች ሬጌ የሚያሰሙ ተንቀሳቃሽ የጭፈራ ዝግጅቶች) መካከል ጃ ሻካ እና ሳክሰን በዕድሜም ሆነ በዝና ጎልተው ይታያሉ፤ አካሄዳቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

ጃ ሻካ የአንድ ሰው ስም፣ የአንድ ሰውም ሥራ ነበር። በልጅነቱ ከጃማይካ ወደ ለንደን የመጣው ይህ ሰው አንድ የሸክላ ማጫወቻ ብቻ ይዞ፣ በሳይረንና በገደል ማሚቶ መሣሪያ እየታገዘ፣ ደረት በሚያንቀጠቅጥ ወፍራም ድምፅ እስከ ንጋት ያጫውት ነበር። የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታይ በመሆኑ የሚመርጣቸው ሸክላዎች ስለ ጃህ (እግዚአብሔር)፣ ስለ አፍሪካና ስለ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የሚዘምሩ ነበሩ፤ ይህንን መንገድ የዲጂታል ዳንስሆል (በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራ የሬጌ ዘይቤ) ዘመን ሲመጣ እንኳ ሳይለቅ እ.ኤ.አ. በ2023 አረፈ። እንዲህ ያለ ጽናት በሙዚቃው ዓለም ብርቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው ሳክሰን በአንጻሩ የቡድን ሥራ ነው። ኃይሉ ከሸክላው ይልቅ ማይክሮፎን በያዙት ወጣቶች፣ በተለይም በፒተር ኪንግ በተጀመረው ፈጣን የግጥም አወራረድ ላይ ያርፋል። መንፈሳዊ ጥልቀት ለሚሻ አድማጭ ጃ ሻካን አስቀድማለሁ፤ በታሪካዊ ተጽዕኖ ግን ሳክሰን ሳይበልጥ አይቀርም፤ ምክንያቱም አባሉ ፓፓ ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ሸክላ በጃማይካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ በመሆን፣ እስከዚያ በአብዛኛው ከኪንግስተን ወደ ለንደን ይፈስ የነበረውን የዲጄዎች (በሬጌ ዓለም ማይክሮፎን ይዘው በሙዚቃው ላይ ግጥም የሚያወርዱ) ጥበብ አቅጣጫውን አስቀይሯል።